በወይዘሮ ገለቴ እጅ ያላለፈ ልጅ የለም

ሐኪም የሌለበት አገር አይቻለሁ። መምህር የሌለበትም፣ መብራት የሌለበትም አይቻለሁ። የሰው ልጅ አይታ «ይሄ ልጅስ አንድ ነገር አለበት» የምትል ሴት የሌለችበት ሰፈር ግን በዚህ ዕድሜዬ አልገጠመኝም። ደጋ ውጡ፣ ቆላ ውረዱ፣ አለች። አራስ ጥየቃ ትመጣለች፤ እናቲቱን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሳትል ወደ ሕፃኑ ታልፋለች፣ መጠቅለያውን ትገልጣለች፣ እግሩን ሳብ አድርጋ ታስተያያለች፣ ከዚያ ከንፈሯን ትመጣለች። በዚያች ከንፈር መምጠጥ የስንት አራስ ወተት ደርቋል መሰላችሁ!

የእኛዋ፣ የላሊበላዋ፣ ክብርት ወይዘሮ ገለቴ ናት። የሕፃናት ዳኛ፣ የዓይንና የጆሮ ተመልካች፣ የእግር መርማሪ፣ ከባቄላ ፍሬና ከሳጥን ቁልፍ በቀር መሣሪያ የሌላት ሐኪም። በእኛ ሰፈር ልጅ በእጇ ሳያልፍ ክርስትና ይነሣ ይሆናል እንጂ አያድግም።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ልጁን ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። የነጠላዋን ጥለት ከዓይኑ ፊት ወዲያና ወዲህ ታደርገዋለች፤ ዓይኑ ይከተል እንደሆን ታያለች። ቀጥሎ ባቄላዋን መዳፏ ላይ አድርጋ ትዘረጋለታለች፤ በሁለት ጣቱ ካነሣ ጥሩ፣ በመዳፉ ከዛቀ መጥፎ፣ ከዋጠው የእናቱ ጥፋት ነው። በመጨረሻ ቁልፎቿን ከጀርባው ታንሿሿለች። ከዚያ ፍርድ ነው። ፍርዷ ሦስት ዓይነት ነው፦ «ደኅና ነው»፣ «ይቆየን»፣ «አንድ ነገር አለበት»። «ደኅና ነው» ከአፏ የሚወጣው በጥር ዝናብ የሚጥለውን ያህል ነው።

ማን ሾመሽ ቢሏት መልሷ አንድ ነው። «እኔ ልጅ አላውቅም እንዴ? ስምንት ወልጄ?»

እኔም ከፍርዷ አላመለጥኩም። ልጄ ቢተው ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት መቆም እንቢ ያለ ጊዜ፣ ገለቴ ጭኑን ጨብጣ ጨብጣ «እታለም፣ ይሄ ልጅ አይሄድም» አለችኝ። ሳምንት ሙሉ አለቀስኩ። ያኔ ጉልበትም ነበረኝ፣ አዝዬው በእግሬ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ ወሰድኩት፤ ዋሻው ደጅ ተንበርክኬ «እግሩን ብቻ» ብዬ ለመንኩ። በሁለት ወሩ ተነሥቶ ሄደ። ዛሬ አስጎብኚ ነው። ፈረንጅ አስከትሎ አሸተን ማርያም ይወጣል፤ እነሱ ዳገቱ ላይ ምላሳቸውን አውጥተው ሲያለከልኩ እሱ ያፏጫል። ይህን ለገለቴ ብነግራት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እኔ አይሄድም ባልል መቼ እልህ ይይዘው ነበር!»

እውነት ለመናገር የምታገኝበትም ጊዜ አለ። ሸጌ የምትባል የጎረቤት ልጅ ሦስት ዓመት ሞልቷት ቃል ከአፏ አልወጣም ነበር። ሰው ሁሉ ዲዳ ናት ብሎ ሲያዝን ገለቴ ብቻ «ቤቱን ተመልከቱት እንጂ! ስድስት ሴት አለበት፤ ተራ ሲደርሳት ትናገራለች» አለች። ዛሬ ሸጌ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ ድምጿ ያልደረሰው ሰው በላሊበላ አይገኝም።

እንዲህ እየፈረደች ስትኖር ነው እንግዲህ ተቀናቃኝ የመጣባት።

አምና መስከረም ላይ መዋዕለ ሕፃናቱ አዲስ ነገር ጀመረ። ዜሮ ክፍል የሚገቡ ልጆች ከመመዝገባቸው በፊት ይታዩ ተባለ። ማየቱ፣ መስማቱ፣ መረዳቱ፣ እጅና እግሩ መታዘዙ በወረቀት ይሰፍራል። ችግር ያለበት ልጅ ቶሎ ታውቆ ቶሎ ይረዳ ነው ሐሳቡ። ሐሳቡስ መልካም ነው። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ ጓዳ ነበር የሚቀመጠው። ለዚህ ሥራ ደሳለ የሚባል ወጣት መምህር ከሌላ ከተማ ሥልጠና ወስዶ፣ አንድ ሻንጣ የእንጨት ጡብና ሥዕል ይዞ መጣ።

ገለቴ ይህን የሰማች ቀን ምሳዋን አልበላችም። «ማንን አስፈቅዶ?» አለች። «ጢሙን እንኳ በቅጡ ያላበቀለ!» አለች። «ለመሆኑ ስንት ወልዷል?» አለች። እኔ የልጅ ልጄን ጋሻዬን ላስመዘግብ ስሄድ ነጠላዋን ደርባ ተከተለችኝ። በሩ ላይ ደሳለ «እናት፣ እርስዎ የየትኛው ልጅ ዘመድ ነዎት?» ቢላት «የሁሉም» ብላ አልፋው ገባች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ጋሻዬ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በአባቱ በኩል የቄስ ልጅ ልጅ ነው። ደሳለ ጡቦቹን ፊቱ ዘርግፎ «በል ማሙሽ፣ ቤት ሥራልኝ» አለው። ጋሻዬ ጡቦቹን ግጥም አድርጎ አንድ ላይ ከመራቸው። ከዚያ ከመሐል አንድ አንድ እያለ ያወጣቸው ጀመር።

«ሥራ ነው ያልኩህ፤ እያፈረስክ እኮ ነው» አለው ደሳለ።

«እየሠራሁ ነው።»

«ወደ ላይ ደርድረዋ!»

«አይደረደርም፤ እየፈለፈልኩ ነው» አለ ልጁ፣ ላብ ላብ እያለው። «በሩ በዚህ ነው። አሁን መስኮት ላወጣለት ነው።»

ደሳለ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫረ። ገለቴ አንገቷን አሰገገችና «ምን ብሎ ጻፈ?» ስትል ጠየቀችኝ። ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኩ እኔ ነኝና፣ «መደርደር አይችልም» ብዬ አነበብኩላት።

«አንተ ልጅ!» አለችው። «አንተ አገር ቤት ወደ ላይ ነው የሚሠራው። እኛ አገር ዐለቱን ከላይ ወደ ታች ነው። እሱን ጻፍ!»

ደሳለ ሳቀ፤ ሰረዘው። ቀጥሎ የባቡር ሥዕል አሳየው። ጋሻዬ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየና «ብዙ ባጃጅ አንድ ላይ ታስሮ» አለ። ቀጥሎ ትእዛዝ መስማቱን ሊያይ ብስኩት ሰጥቶ «ብላ» አለው። ልጁ ብስኩቱን አገላብጦ አይቶ ኪሱ ከተተው።

«ለምን አትበላም?»

«ዛሬ ረቡዕ አይደል?»

ገና ጾም የማይጠበቅበት ልጅ ነው፤ ቄሱን አያቱን እያየ ነው የሚቃጣው። ደሳለ እስክሪብቶውን አንሥቶ ገለቴን አየ። ገለቴም እሱን አየችው። እስክሪብቶው ተመልሶ ወረደ።

እንዲህ ስንስቅ ቆይተን ነው የነሲባ ተራ የደረሰው።

ነሲባ የሸዕባንና የጀውሀራ አንዲት ልጅ ናት፤ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ከከሚሴ በኩል መጥተው ሰፈራችን ከገቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሸዕባን ልብስ ሰፊ ነው፤ ከመንገዱ ዳር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። እናትና አባት አማርኛውን ከእኛ እኩል ያውቁታል፤ ልጅቱ ግን ደጅ ብዙም ስለማትወጣ አልለመደችውም። ከሰፈሩ ልጆች በገለቴ እጅ ያላለፈች እሷ ብቻ ነበረች። ገለቴ ቁልፏን ይዛ በመጣች ቁጥር ጀውሀራ በፈገግታ ከደጅ ትመልሳት ነበር።

ነሲባ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን አየች። «ስምሽ ማነው?» ዝም። «አፍንጫሽን አሳዪኝ እስቲ።» ዝም። ደሳለ ፊት ለፊቷ ቆሞ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ። ልጅቱ ቀና ብላ እጆቹን አየች። «ትሰማለች» ብሎ ምልክት አደረገ። ጡብ አቀረበ፣ ሥዕል አቀረበ፣ ብስኩት አቀረበ፤ እሷ እንደገና ጉልበቷን። እናቷ ቀስ ብላ «እንግዳ ወንድ ፊት ዓይን አታንሺ ብለን ነው ያሳደግናት» አለች። ነገሬ ብሎ የሰማት የለም።

ደሳለ ብዙ ጻፈ። ከዚያ ጀውሀራን ወደ በሩ ጠርቶ፣ እሱ ራሱ እያፈረ፣ ነገራት። ልጅቱ የመረዳት ችግር ያለባት ትመስላለች፤ ከሌሎቹ ጋር አትመዘገብም። እንደሷ ላሉ ልጆች የተለየ ክፍል ያለው ሩቅ ከተማ ነው፤ ወደዚያ ትጻፋለች። ወረቀቱ ዓርብ ይላካል።

ጀውሀራ ሻሿን በአፏ ላይ ያዘች። ገና እግራቸውን ያሳረፉ ሰዎች፣ ወይ እንደገና ነቅለው ሊሄዱ፣ ወይ የአምስት ዓመት ልጃቸውን ለዘመድ ሊሰጡ! ያን ቀን የሸዕባን መኪና ድምፅ አልተሰማም።

ገለቴ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም።

«በምን ቋንቋ ነው የጠየቅሃት?»

«በአማርኛ ነዋ፣ እማማ።»

«እሷስ በምን ቋንቋ ነው የምታልመው?»

ደሳለ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው። «እሱን ቅጹ አይጠይቅም።»

«ታዲያ ቅጹ አንድ ነገር አለበታ!»

ለደሳለ ያለኝ ክብር ከዚህ ይጀምራል። ሌላ ቢሆን ይቺን ሴትዮ አስወጡልኝ ይል ነበር። እሱ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና «ነገ ሐሙስ ትምጣ» አለ። «በቋንቋዋ የሚጠይቃት ሰው ይኑር። ደግሜ አያታለሁ።» ገለቴ ወዲያው «እኔ አለሁ!» አለች። የገለቴ ኦሮምኛ ከእናቷ ወገን የቀራት ሃያ ቃል ነው፤ ግማሹ ለከብት የሚነገር። ጀውሀራ «እኔው እጠይቃታለሁ» ባትል ኖሮ ልጅቱ እንደ ጥጃ ልትነዳ ነበር።

ሐሙስ ሆነ። ሸዕባን የአዝራር ቆርቆሮውን ታቅፎ መጣ። «ልጄ ጡብ አታውቅም፤ ይሄን ታውቃለች» አለ። ደሳለም ከወንበሩ ወርዶ፣ እንዳታፍረው ፊቱን ዘወር አድርጎ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ጀውሀራ ከልጇ ፊት ተንበርክካ በቋንቋቸው ትጠይቃት ጀመር።

አቤት ያቺ ዝምተኛ ልጅ! አፍንጫዋን አሳየች፤ ጆሮዋን አሳየች፤ ለጥቆ የአባቷን አፍንጫ ይዛ ጎተተች። አዝራሩን በቀለም ለየች። ያንን አፍርሳ በቀዳዳው ቁጥር ለየች፤ ባለ ሁለቱን ወዲህ፣ ባለ አራቱን ወዲያ። አንድ የተሰበረ አዝራር አነሣችና ለአባቷ እየሰጠች አንድ ነገር አለችው፤ ሸዕባን በሳቅ ፈረሰ። «ይሄን የሰው ልብስ ላይ እንዳትሰፋው ነው የምትለኝ» ብሎ ተረጎመልን።

ደሳለ የመጀመሪያውን ወረቀት ሁለት ላይ ቀደደው። «ቋንቋ ብቻ ነው! ልጅቱ ምንም የለባት!» እልል አልን። ሸዕባን «አልሐምዱሊላህ» እያለ የሁሉንም እጅ ጨበጠ፤ የኔን ሁለት ጊዜ።

«ይቆየን» አለች ገለቴ።

ቤቱ ቀዘቀዘ።

«ምኑ ነው የሚቆየን?» አልኳት ክንዷን ቆንጥጬ።

«ይቺ ልጅ አንድ ነገር አለባት።»

«እማማ ገለቴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ!» አለች ጀውሀራ።

«ቋንቋው እውነት ነው። እኔው ራሴ አልኩ። ግን ቋንቋ ብቻ አይደለም። እስቲ ተነሺና ከኋላዋ ቆመሽ ጥሪያት። በራሳችሁ ቋንቋ።»

«ለምን ከኋላ? ልጄ ናት፤ ፊቷን እያየሁ ነው የማናግራት።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ ልጄ። ሁለት ዓመት ጎረቤትሽ ነኝ፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ሌላዋ እናት ና፣ ነይ እያለች ሰፈሩን ስታናጋ፣ አንቺ ልጅሽን ስትጣሪ አንድ ቀን ሰምቼሽ አላውቅም። ሄደሽ ትነኪያታለሽ። በእናቷ ቋንቋ ተጠርታ ካልዞረች ቋንቋው ምን አጠፋ? ጆሮዋን ነው የምለው።»

ጀውሀራ ልጇን ብድግ አደረገች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «መጀመሪያ አእምሮ የላትም ተባለች፤ አሁን ደግሞ ደንቆሮ ልትሉብኝ! ሴት ልጅ ናት እኮ! ይሄ ስም አንዴ ከተለጠፈባት ማን ይፍቅላታል?» ብላ ወጣች። ደሳለም ተቆጣ። «አልፋለች እኮ እማማ! በስንት መከራ ያስደሰትናቸውን!» አለና አዲሱ ወረቀት ላይ «ቋንቋ» ብሎ ጽፎ ፈረመበት።

መንገድ ላይ እኔም ወረድኩባት። «ያንቺ አፍ! አንድ ቀን እንኳ ለሰው ደስታ አይለቅም? ልጄን አይሄድም ያልሽው አፍ!»

ስምንት ወልጄ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ እርምጃዋን ገታች። «እንደ ቢተው በሆነልኝ» አለች። «ምነው በተሳሳትኩ።»

ከዚያ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ በሃምሳ ዓመት ጉርብትና ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። አለሜ የምትባል ታናሽ እህት ገጠር፣ ወላጆቿ ቤት ነበረቻት። ከልጅነቷ ጀምሮ «ፈዛዛዋ» ነበር ስሟ። ጫጩት ከጭልፊት እንድትጠብቅ ደጅ ትቀመጣለች እንጂ ሌላ ሥራ አትታዘዝም፤ ለጋብቻም አልታጨች። አርባ ዓመት ሞልቷት ነው አንድ ጤና ረዳት ለክትባት መጥቶ፣ ከጀርባዋ ቢያናግራት ባትመልስለት፣ «ይቺ ሴት አትሰማም እኮ» ያለው። «አርባ ዓመት እህቷ ሆኜ አንድ ቀን ከኋላዋ አልቆምኩም» አለች ገለቴ። «ስንጠራት አትመጣም እያልን ስንመታት ነው የኖርነው።» ያ ሁሉ ቁልፍ ማንሿሿት ከየት እንደመጣ ገና ያኔ ገባኝ።

ነሲባ ዜሮ ክፍል ገባች። ረዘም ስለምትል የኋላ ወንበር ደረሳት። ጥቅምት አለቀ፣ ኅዳር አለቀ። መምህርቷ ስታስቆጥር ነሲባ መስኮት ታያለች። ምን ሆና ነው ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ቋንቋውን እስክትለምድ ነው።» መምህርቷም እንዲያ፣ ደሳለም እንዲያ፣ እኔም ሳልቀር እንዲያ። መስከረም ላይ ቋንቋዋን ያሰበላት ሰው አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ከቋንቋዋ ሌላ የሚያስብላት ጠፋ። ጀውሀራ ገለቴን ሰላም ማለት ተወች፤ ቦኖ ላይ ሲገናኙ ጀሪካኗን ይዛ ፊቷን ታዞራለች።

ክብርት ወይዘሮ ገለቴ ግን ሥራዋን አላቆመችም። ልጅቱን ጭኗ ላይ ማስቀመጥ ሲከለከል አዲስ ዘዴ አመጣች፤ ማነጠስ። ነሲባ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከኋላ ኋላዋ ትከተልና በቀኝ በኩል «እጥሺ!» ትላለች። ልጅቱ ትዞራለች። በማግስቱ በግራ በኩል «እጥሺ!»። ልጅቱ መንገዷን ትቀጥላለች። የሰባ ዓመት ሴት በኮብልስቶኑ ላይ ሕፃን ተከትላ ስታነጥስ ይታያችሁ! ፈረንጆቹ በየቋንቋቸው ይማርሽ ይሏታል፤ አንዷማ መሐረብ ሰጠቻት። ባጃጅ ነጂው አዳም «እማማ፣ ጉንፋኑ እስካሁን አልለቀቀዎትም?» ቢላት «ሥራ ላይ ነኝ፣ ዞር በል!» አለችው። እኔ በሳቅ ሞትኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን፣ በቀኝ ስትዞር በግራ አልዞረችም።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት ገለቴ ደጅ ጥጥ እየፈለቀቅን ፀሐይ ስንሞቅ ጀውሀራ መጣች። ሦስት ወር ያልረገጠችውን ደጅ ተሻግራ፣ ልጇን በእጇ እንደያዘች ቆመች። ሰላምታም አልሰጠችን።

«ትናንት ከኋላዋ ቆምኩ» አለች። «አዝራሯን እየደረደረች ነበር። በግራዋ በኩል ሆኜ ኮቱ፣ ነይ አልኳት። በስሟ ጠራኋት። ሰባት ጊዜ። በሰባተኛው ጮህኩ፤ ሸዕባን ደንግጦ ከደጅ ሮጦ ገባ። እሷ አልዞረችም።» ልጇን ወደ ራሷ አስጠጋች። «እናቷ ነኝ እኮ። ለምን ሄጄ እንደምነካት አንድ ቀን ራሴን ጠይቄ አላውቅም።»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። «አልኩሽ አይደል?» የምትለዋ ቃል አሁን ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ገለቴ በሕይወቷ ሙሉ ያቺን ቃል ሳትል ያለፈችው ነገር የለም፤ ዝናብ እንኳ ሲጥል «አላልኩም?» ትላለች። ያን ቀን አላለችም። ጥጡን ከጭኗ አራግፋ ተነሣች፤ የጀውሀራን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«ቀድመሽ የምትደርሺላት እናት ስለሆንሽ ነዋ፣ ልጄ። መጥራት መቼ አስፈለገሽ?» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ ምን ተጎልተሻል? ነጠላዬን አቀብዪኝ እንጂ!»

ሦስት ሴትና አንድ ልጅ በአዳም ባጃጅ ታጭቀን ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ገና ወንበር ሳይስብ ገለቴ «በምን ቋንቋ ነው የምትጠይቃት?» ብላ አፋጠጠችው። ሰውየው ለካ የወለጋ ልጅ ኖሯል፤ ጎንበስ ብሎ ነሲባን በኦሮምኛ ሲያናግራት ልጅቱ ዓይኗን ከጉልበቷ አነሣች። ገለቴም የማውቃት ሴት እስክትጠፋኝ ድረስ ጭጭ አለች። ሐኪሙ መብራት ባለው መመልከቻ ሁለቱንም ጆሮ አየ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጆሮዋ እየመገለ፣ እየደረቀ፣ እያገረሸ ኖሯል። ግራው ድፍን ብሏል፤ ቀኙም አንድ ቀን እየሰማ አንድ ቀን እየተደፈነ ጀማምሮታል። «ዓመት ብትቆዩ ኖሮ ቀኙም ይከተለው ነበር» አለን።

መድኃኒት ተሰጠ፤ ስንት ሳምንት ተመላለስን። ቀኙ ደኅና ሆነ። ግራው ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሐኪሙ ከዚህ አያልፍም ብሏል። ተአምር ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ነሲባ ወደ ፊተኛው ወንበር መጣች፤ መምህርቷም በቀኟ በኩል ሆና ማስተማር ለመደች። ለፋሲካ ሳንደርስ አማርኛው ጎረፈ። የመጀመሪያውን የአማርኛ ስድብ ጋሻዬ አስተማራት፤ እሷም ብድር መላሽ ናትና የኦሮምኛውን ለሱ አስተማረችው።

ደሳለ ክረምት ሊገባ ሲል ገለቴ ደጅ መጣ። ቅጹን ይዟል። ከታች ባለው ባዶ ቦታ በእጁ ሁለት ጥያቄ ጨምሮበታል፦ «ልጁ የሚያልመው በምን ቋንቋ ነው?» እና «በዚያ ቋንቋ ከኋላው ሲጠራ ይዞራል?» «እማማ፣ የሚመጣው መስከረም አብረውኝ ይቀመጡልኝ» አላት። ሁለት ቀን አስለመነችው። ዘንድሮ ወንበር አላት። ማኅተም ይሰጠኝ ብላም አመልክታለች፤ ገና አልተመለሰላትም። ማመልከቻውን የጻፍኩላት እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ ነሲባ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ደጃችን ላይ ጠጠር ትጫወት ነበር። ገለቴ ተነሣችና በግራዋ በኩል ከኋላ ቀስ ብላ ሄደች። አሥር እርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች።

«ነሲባ፣ ኮቱ» አለች፣ ሳትጮህ።

ልጅቱ አልዞረችም። ጠጠሯን ወረወረች፣ ቀለበች፣ እንደገና ወረወረች። የገለቴ ትከሻ ዝቅ ሲል አየሁት። እኔም ተመለሰ ማለት ነው አልኩ፣ ያ መግል ተመለሰ።

ነሲባ ሦስተኛውን ጠጠር ቀልባ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችን፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣

«ሰምቻለሁ፣ እማማ! እየተጫወትኩ ነው፣ አልመጣም!»

ገለቴ አፏን ያዘች። ወደ እኔ ዞረች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ወርዷል።

«ሰማሻት? ሰምታ ነው! ሰምታ ነው እንቢ ያለችኝ!»

ያን ቀን ክብርት ወይዘሮ ገለቴ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ እንዴት አድርጋ እንደናቀቻት እያበሠረች ቤት ለቤት ስትዞር ዋለች። ጀውሀራ ዘንድ ገባች፤ ሸዕባንን የስፌት መኪናውን አስቁማ ነገረችው፤ ደሳለን ከመንገድ ጎትታ ነገረችው። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ ዳገትም አልወድ፤ የሷን ወሬ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ሰምቼ ጠግቤዋለሁ። ግን አብሬያት ዞርኩ። በየደጁ ትንፋሿ ሲያጥር ከመሐል ተቀብዬ «ዞር እንኳ አላለችም እኮ!» የምለው እኔ ነበርኩ።